መርዶ ይዤ ወደ ደባርቅ፤ በጃፓን መርከብ የተጣሉት ወንድማማቾች

ደባርቅ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደህና ሹፌርና ደህና ዘመን ከተገኘ ጠዋት ወጥቶ ምሳ እዚያ ይበላል። እኔ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ይህን የምጽፈው ወደዚያ አገር ለማትሄዱት ነው። የማትሄዱት ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ አልፈርድባችሁም። እኔም ካልጨነቀኝ ከመዝገብ ቤት ወንበሬ የምነሳ ሰው አይደለሁም።

የጨነቀኝ ነገር ይኼ ነው። አባቴ ዋሴ ከሞተ ሃያ ቀን አልፎት ነበር፤ ደባርቅ የሚኖሩት ታናሽ ወንድሙ አያ ደምሌ ግን አልሰሙም። አባባ ባረፈበት ሰሞን መንገዱ ተዘግቷል፤ ስልክም የለም። ቢኖርስ? በእኛ አገር የወንድም ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ይላካል። የተላከው ሰው አፉን ቆልፎ ይገባል፤ ከዚያ የነፍስ አባቱና ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ያረዱታል።

ማን ይሂድ ሲባል ቤተ ዘመዱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። «አስናቀው ቀልደኛ ነው፤ ሲያዩት አይጠረጥሩም» አሉ። ሃምሳ ዓመት ቀልጄ ያገኘሁት ሹመት ይኼ ነው፤ የመርዶ መልእክተኛ።

ሌላም ችግር አለ። ወንድማማቾቹ አራት ዓመት አልተነጋገሩም። ያጣላቸው ደግሞ የጃፓን የጦር መርከብ ነው። አትሳቁ። እኔ ስቄ ምን እንዳገኘሁ እነግራችኋለሁ።

ሁለቱም በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ሰዎች ነበሩ። አባባ በባንዲራና በመብራት ምልክት መልእክት የሚያስተላልፍ፣ አያ ደምሌ በያጅ። እዚያ ያስተማራቸው አንድ የውጭ አገር ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተዋጋችው ስለ ሞጋሚ፣ ስለ ጃፓኗ ከባድ ክሩዘር፣ ትልልቅ መድፍ ስለምትሸከም ፈጣን የጦር መርከብ፣ ነግሯቸው ኖሮ ልባቸው እዚያው ቀረ። ባሕሩ ከእጃችን ሲወጣ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ጎንደር ገቡ። ይዘው የመጡት ያቺን መርከብ ብቻ ነው። አባባ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ አያ ደምሌ ደባርቅ ወጥተው የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት ከፈቱ። በየበዓሉ ሲገናኙ በጉ ታርዶ ሳይገፈፍ ሞጋሚ ትጀመራለች።

ክርክራቸው ይኼ ነው፦ ሞጋሚ በአንድ ሌሊት ሚኩማ የምትባለውን እህቷን፣ በአንድ ንድፍ የተሠራችውን መርከብ፣ በአፍንጫዋ መታቻት። ጥፋቱ የማን ነው? አባባ «የመቺዋ ነው» ይላል። አያ ደምሌ «የተመታችው ናት፤ ከታዘዘችው በላይ ዞራ መንገድ ዘጋች» ይላሉ። ከአራት ዓመት በፊት በፋሲካ አባባ ዕድሜውን ሙሉ ስለ መርከቧ የጻፈውን ወፍራም ደብተር አምጥቶ፣ ጣቱን ምራቅ እያስነካ፣ ማስረጃውን ያነብላቸው ጀመር። አያ ደምሌ በንዴት ነጠቁትና ከሰል ምድጃው ላይ ጣሉት። እኔ ከምድጃው አጠገብ ነበርኩ። እጄን ብዘረጋ ይወጣ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ደብተሩ ነዶ አልቋል።

ከዚያን ቀን ወዲህ አልተያዩም።

ረቡዕ

ሐዘንተኛ ሆኖ ጥቁር ሳይለብሱ መንገድ መውጣት አስቸጋሪ ነገር ነው። ጥቁሩን ካላወለቅሁ አያ ደምሌ ከሩቅ ያውቁኛል። ልጄ ኳስ ሲጫወት የሚለብሰውን ቀይ ጃኬት አመጣልኝ፤ ሆዴ ላይ ዚፑ እምቢ አለ። ከሥር ጥቁር ሸሚዜን ለብሼ ቀዩን በላይ ደረብኩ። ራሴን መላጨት አላስፈለገኝም፤ ተፈጥሮ አስቀድማ ሐዘን ተቀምጣልኛለች።

ሚኒባሷ ከአውቶቡስ ተራ ስትወጣ ሰዓቱ ሦስት ሆኗል። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ጎንደር ከኋላችን ሞቃ ቀረች። ኮሶዬ ላይ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መስኮታችን ላይ ተለጠፈ። ፈረንጅ ይህንን ገደል ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣ ነበር። እኔ ያየሁት የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ማጅራት ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ወደፊት ዛሬ አይታለፍም» አለ።

«ምነው?»

«ምነው ይባላል? አይታለፍም ነው የተባልኩት። ጠዋት ከተከፈተ እንሄዳለን፤ ካልተከፈተ አብረን እናርሳለን።»

የወገራ ብርድ ሰው አያከብርም። ጎንደር ላይ ብርድ ብለን የምናማርረው ነገር እዚህ ቢመጣ ሙቀት መጣ ብለው ደጅ ይወጣሉ። ያደርንበት ቤት ባለቤት፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሴት፣ ሽሮ አቅርበውልኝ ሳልነካ ሲያዩ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ወንድሜ፣ ጃኬትህ ሰርገኛ ነው፤ ፊትህ ግን ቀብር የዋለ ይመስላል።»

ለማላውቃቸው ሴትዮ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ አባባ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ አያ ደምሌ። መርከቧን ሳላስገባ ለመንገር ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም፤ ጃፓንን በግድ አምባ ጊዮርጊስ አስገባኋት። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰምተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ተነሱ። «አባትህ ማን ነበር ስሙ?» አሉኝ። «ዋሴ» አልኩ። «ዋሴ፣ ዋሴ ወንድሜ» ብለው ደረታቸውን እየመቱ ዝቅ ባለ ድምፅ አለቀሱለት። በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «አሁን ብላ፤ ነገ የምትስቅበት አቅም ያስፈልግሃል» አሉኝና የራሳቸውን ጋቢ አለበሱኝ። በላሁ።

ሐሙስ

መንገዱ አራት ሰዓት ላይ ተከፈተ። ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንደርስ የአያ ደምሌ የነፍስ አባት ቄስ ሞላ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ወሬው በነጋዴ ደርሷቸዋል። ከተማው በሙሉ ሰምቷል፤ ያልሰሙት አያ ደምሌና ሚስታቸው እትየ ዘውድነሽ ብቻ ናቸው። ሰው ሁሉ ሲያገኛቸው ስለ ዝናብ ያወራል ማለት ነው።

«ነገ ማለዳ እናርዳቸው ወይ?» አልኩ።

ቄስ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገ ሚካኤል ነው። የማኅበሩ ጽዋ ዘንድሮ በዚህ ወር የወደቀው እሳቸው ቤት ነው። ጠላው ተጠምቋል፤ ዳቦው ተቦክቷል። በመልአኩ ድግስ ላይ መርዶ አይነገርም። ጽዋው ይውጣ። ቅዳሜ ማለዳ ይሁን።»

«እስከዚያ እኔ ምን ልሁን?»

«አንተማ የምትታወቅበት ሥራ አለህ፤ ቀልድ።»

አያ ደምሌ ብየዳ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። መብራት ስለሌለ የበያጅ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያልተበየደ በር ይጠብቃሉ። ሲያዩኝ ብድግ አሉ፤ ወደ ኋላዬ፣ ወደ መንገዱ ተመለከቱ፤ ሌላ ሰው የመጣ መስሏቸው።

«አስኔ! ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ አያ። ከዚህ ሆድ ጋር።»

«አያ ዋሴ ነው የላከህ?»

ዋሸሁ። «አዎ» አልኩ። እንዲህ ብዬ አሰብኩት፦ አባባ ባይሞት አልመጣም ነበር፤ ስለዚህ እሱ ነው የላከኝ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ ለማንኛውም ነገር ደጋፊ ማስረጃ አላጣም።

ቤት ገብተን እትየ ዘውድነሽ ውሃ አስታጠቡኝ። የያዝኩትን ላስቲክ ስሰጣቸው አያ ደምሌ ከፍተው አዩት፤ የደም ግፊት ክኒናቸው ነው። አባባ ከተጣሉ በኋላም በየወሩ፣ ስሙን ሳይጽፍበት፣ በአውቶቡስ ሲልክላቸው ነበር። አያ ደምሌ አንድም ወር ማን እንደላከው ጠይቀው አያውቁም።

«በዚህ ወር ምነው ዘገየ?» አሉ።

«መንገዱ ተዘግቶ ነዋ።»

«እኔ ደግሞ ጨርሶ ተቀየመኝ ብዬ...» አሉና አልጨረሱትም። ተነስተው ከአልጋቸው ራስጌ ሦስት ደብተሮች አወጡ፤ በላሜራ ቁራጭ ሽፋን ሠርተውላቸዋል፤ ጠርዙን በሞረድ ሞርደውታል።

«ያ ያቃጠልኩት ደብተር ነው» አሉ።

«እንዴት?»

«አርባ ዓመት ሲያነብልኝ ሰምቼው የለ? እያስታወስኩ ጻፍኩት። ቄስ ሞላም በቃል መያዝ እንዲህ ነው፣ የቆሎ ተማሪ እንዲህ ነው የሚያጠና ብለው አበረቱኝ። አራት ዓመት ፈጀብኝ። የእሱን የእሱ አድርጌ፣ የእኔን ለይቼ። በመጋቢት ጨረስኩ።» ደብተሩን በመዳፋቸው ጠረጉት። «ከጽዋው በኋላ አብሬህ እወርዳለሁ። ቄስ ሞላን ለእርቁ ለምኛቸዋለሁ። ይቅርታ ጠይቄ በእጁ እሰጠዋለሁ።»

እትየ ዘውድነሽ ቦርሳውን አሳዩኝ። ልብሳቸው ታጥፎ ገብቷል።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ለምን ያን ጊዜ አልነገርካቸውም?» ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን ብዬዋለሁ። አፌ ሁለት ጊዜ ተከፈተ። በመጀመሪያው ስለ ሚኒባሱ ሹፌር ቀለድኩ፤ በሁለተኛው አዛጋሁ።

ያን ከሰዓት ደብተሩን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ዓይናቸው በብየዳ ብልጭታ ደክሟል። ይህን ሁሉ ሳዳምጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ግን የዚያን ቀን ነው ከልቤ የሰማሁት። ሞጋሚ የወንዝ ስም ነው፤ እኛ መርከብ ብንሠራ በጎንደሩ ወንዝ «አንገረብ» እንደምንላት ማለት ነው። በዚያ ዘመን ኃያላኑ መንግሥታት አንዱ ከሌላው የከበደ መርከብ እንዳይሠራ ተፈራርመው ነበር። ጃፓኖቹ ቀላል ነች ብለው አስመዘገቧት፤ አሥራ አምስት ትናንሽ መድፍ ጫኑባት። መድፎቹ የሚቀመጡበትን ክብ መሠረት ግን ለትልቅ መድፍ እንዲበቃ አድርገው ሠሩት። ውሉን ሲተዉት ትናንሾቹን አንስተው አሥር ትልልቅ ተከሉባት፤ በአንድ ጀምበር ከባድ ክሩዘር ሆነች። አባባ በዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ «ጎንደር ላይ ለአንድ ፎቅ ፈቃድ አውጥቶ ለአራት ፎቅ መሠረት እንደሚጥለው ሰው» ይል ነበር። አያ ደምሌ ያችን ቀልድ እንኳ ሳይረሱ ጽፈዋታል። ከጎኗ፦ «ይኼ የአያ ዋሴ ነው።»

የብየዳው ክፍል ግን የራሳቸው ነው። ክብደት ለመቀነስ ብለው ብረቱን በብሎን ሳይሆን በብየዳ አያያዙት። ባሕር ላይ ሲፈትኗት ብየዳው ተሰነጠቀ፤ ገላዋ ተጣመመ፤ መድፎቹ አልዞር አሉ። ወደ መሥሪያው መልሰው አጠናከሯት።

«ብየዳ እንዲህ ነው አስኔ» አሉኝ። «ላዩን አይተህ ያዘ ትላለህ። የያዘ መሆኑን የምታውቀው ጭነት ሲመጣ ነው።»

ዓርብ፣ ሚካኤል

ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ መልስ ገቡ፤ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ሁሉም ያውቃሉ። ሲገቡ እኔን አልፈው ግድግዳውን ሰላም አሉ። ቄስ ሞላ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ቆረሱ፤ ጽዋው ዞረ። የደባርቅ ጠላ ከእኛው ይወፍራል፤ ጌሾው ይመራል፤ ያን ቀን ግን ውሃም ቢሆን ይመረኝ ነበር።

ዝምታው ሲከብድ ቄስ ሞላ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ተነሳሁ። ስለ ቀዩ ጃኬትና ስለ ሆዴ ተናገርኩ፤ ሳቁ። ስለ አለቃዬና ስለ ጠፋ ማኅተም ተናገርኩ፤ ሳቁ። በሕይወቴ እንዲህ የተሳቀልኝ ቀን የለም። ገና «አንድ ቀን» ስል ሰዉ ይስቃል። አንድ ሽማግሌ ሲስቁ እንባቸው ወረደ፤ እንባው ከሳቁ እንዳልሆነ እኔና እሳቸው እናውቃለን። አያ ደምሌ ብቻ ናቸው የምር የሳቁት።

ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ሞጋሚን ጀመሩ።

«አራት መርከቦች በጨለማ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ሞጋሚ መጨረሻ ናት፤ ከፊቷ ሚኩማ። የፊተኛይቱ የጠላት ሰርጓጅ መርከብ አየችና በቀይ መብራት ‹ወደ ግራ ዙሩ› አለች። ሚኩማ ከታዘዘችው በላይ አብዝታ ዞረች። ሞጋሚ ደግሞ ሩቅ ያለችውን ሌላዋን መርከብ ሚኩማ ናት ብላ እሷን ታያለች። ሚኩማን ስታያት አፍንጫዋ ጎኗ ላይ ደርሷል።»

«ወይኔ!» አለ አንዱ፤ ሃያ ጊዜ የሰማው ነው።

«የሞጋሚ አፍንጫ እስከ መጀመሪያው መድፍ ድረስ ተጨፍልቆ ገባ። የሚኩማ ጎን ተቀድዶ ነዳጇ ባሕሩ ላይ ይፈሳል። ሁለቱ ጤነኞች ሄዱ። ሞጋሚ እንደ ሽማግሌ ታዘግማለች። ሚኩማ ግን መሮጥ ትችል ነበር።» አያ ደምሌ ጽዋቸውን አስቀመጡ። «አልሮጠችም። የተመታችው የመታቻትን ጥላ አልሄደችም። አብራት ስታዘግም የነዳጁ መሥመር ለአውሮፕላኖቹ መንገድ መሪ ሆነባት። መጡ። ሞጋሚ ላይ አንድ ብልህ መኮንን ቶርፔዶዎቹን፣ በውሃ ውስጥ የሚተኮሱትን ፈንጂዎች፣ አስቀድሞ ባሕር አስጥሏቸው ነበርና ብትቆስልም ተረፈች። ሚኩማ ላይ አልተጣሉም፤ የራሷ ቶርፔዶ ፈነዳባትና ሰጠመች።»

«ሞጋሚስ?» አልኩ፤ ማወቄን ረስቼ።

«ሞጋሚማ ተጠገነች። የኋላ መድፎቿን አንስተው አውሮፕላን አስቀመጡባት። ሁለት ዓመት ኖረች። ኋላ ፊሊፒንስ አጠገብ በአንድ ጠባብ ባሕር ስትነድድ አደረች፤ እዚያም ከሌላ የወገን መርከብ ጋር ተጋጨች። በመጨረሻ የራሷ ሰዎች በቶርፔዶ መትተው አሰጠሟት።»

«ምነው የራሷ ሰዎች?» አለ አንድ ማኅበርተኛ፤ ወንበሩን ወደፊት ሳብ አድርጎ።

«ከእንግዲህ አትድንም ብለው ነዋ።»

ከጥግ አንድ ድምፅ «ይኼንንስ ለማወቅ ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልግም» አለ። ማንም ዞሮ አላየውም። እዚያ ከተቀመጡት የሦስቱ ሰዎች ልጆች መንገዱ መዘጋት ከጀመረ ወዲህ የት እንዳሉ አይታወቅም።

ወሬውን ወደ መርከቧ ለመመለስ ይመስለኛል ቄስ ሞላ «ታዲያ ጥፋቱ የማን ሆነ አያ ደምሌ?» አሉ። ሁልጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነበር።

አያ ደምሌ ፈገግ አሉ። «የመቺዋ ነው። አያ ዋሴ ልክ ነበር። ወርጄ እነግረዋለሁ።»

አሥራ ሁለት ሰው ጽዋውን ሲመለከት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ሰው መናገር ነበረበት። እኔ ነበርኩ ቀልደኛው። አፌ ከእኔ ቀድሞ እንዲህ አለ፦

«ኧረ አያ፣ ቀስ ብለው ይንገሩት! አርባ ዓመት የተከራከረን ሰው በድንገት ‹ልክ ነህ› ቢሉት በድንጋጤ ይሞትብናል!»

አያ ደምሌ ከት ብለው ሳቁ። ጉልበታቸውን እየመቱ፣ «ይሞትብናል! እውነቱን'ኮ ነው!» እያሉ ሳቁ። ሌላ ማንም አልሳቀም። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ጨበጡ። እትየ ዘውድነሽ እንስራውን እንደያዙ ቆመው አዩኝ።

ሰዉ ሲወጣ ጓዳ ገብቼ ዋንጫ ሳቀባብላቸው እትየ ዘውድነሽ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«አስናቀው፣ እጅህን ስትዘረጋ ከጃኬቱ ሥር ሸሚዝህን አይቻለሁ።»

የጃኬቱን እጅጌ ወደ ታች ሳብኩ።

«መቼ ነው?»

«እትየ...»

«ተወው፤ አትንገረኝ። ከነገርከኝ መጮህ አለብኝ።» አንድ ዋንጫ አጠቡ፤ ያንኑ ዋንጫ ደግመው አጠቡት። «አንድ ሌሊት ይተኛ» አሉ።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ቀዩን ጃኬት አውልቄ ጥቁሩን ለበስኩ። ቄስ ሞላና አምስት ሽማግሌዎች ወደ ግቢው ሲገቡ አያ ደምሌ አስቀድመው ተነስተው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። የሽማግሌውን ብዛት ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ይኼን ሁሉ ሰው ለእርቁ አመጡልኝ! ቄስ ሞላ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መንገዱ ከተከፈተ ዛሬውኑ እንወርዳለን።»

ሽማግሌ በማለዳ የሚመጣው ለሁለት ነገር ነው፤ ለእርቅ ወይም ለመርዶ። እሳቸው የጠበቁት አንዱን ነበር።

«አያ ደምሌ፣ ይቀመጡ» አሉ ቄስ ሞላ።

«ለእርቅ ተነስቶ ነው እንጂ ተቀምጦ ይኬዳል እንዴ? ዘውዴ፣ ቦርሳዬን...» ዞሩ። በሩ ላይ ቆሜ አዩኝ፤ ከላይ እስከ ታች። ቄስ ሞላ የተዘጋጁበት ቃል ነበራቸው፤ «የአዳም ልጅ ሁሉ» ብለው ጀምረውም ነበር። አያ ደምሌ እጃቸውን አነሱና አስቆሟቸው።

«ስንተኛ ቀኑ ነው?» አሉኝ።

«ሃያ አራተኛው።»

«መድኃኒቱንስ ማን ላከው?»

«እኔ ነኝ፤ አያ።»

መሬት ተቀመጡ። «ትናንት ነግረኸኝ ነበር'ኮ» አሉ፤ አልተቆጡም፤ ይኼ ነው የገደለኝ። «ይሞታል አልከኝ። እኔ ሳቅሁ።»

ከዚያ እትየ ዘውድነሽ ከትናንት ጀምሮ የያዙትን ጩኸት ለቀቁት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ገባ። አያ ደምሌ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ከዚያ እንዲህ ብለው አለቀሱ፦

«ልታረቅህ ብዬ ቀኑን ስቆጥር፣
አያ ዋሴ ቀደምኸኝ ገባህ ከአፈር።»

ሃያ አራት ቀን ሙሉ ለአባቴ በወጉ አላለቀስኩም ነበር። ድንኳን አስተክዬ፣ ሰው ተቀብዬ፣ ለቅሶ ቤት ሳንቡሳ አብዝቶ የበላውን ሰውዬ በቀልድ ሸኝቼ ነበር። ደባርቅ ላይ፣ በሰው ግቢ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ማን አባቱ እንደሞተበትና ማን ወንድሙ እንደሞተበት ሳይለዩ ለሁለታችንም እኩል አለቀሱልን። እሑድንም እዚያው ተቀመጥን። ንፍሮውን፣ እንጀራውን፣ ማገዶውን ከየቤቱ እያመጡ አኖሩን። ጎንደር ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር በዕድር ሕግ ይሠራል፤ እዚያ ግን ማንም ሕግ ሲያነብ አላየሁም።

ሰኞ

መንገዱ እንደገና ሳይዘጋ ብለን በማለዳ ወረድን። አያ ደምሌ መስኮት ሥር ተቀምጠው እስከ ዳባት ደብተሮቹን በጋቢያቸው አቅፈው ሄዱ። ዳባት ላይ ደብተሮቹን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። «አንተ ያዛቸው፤ እኔ ለማን እሰጣለሁ?» አሉ። ይህን ስጽፍ መርከቧን በተመለከተ የተሳሳትኩት ካለ ከእሳቸው አይደለም፤ ከእኔ ነው።

ቤት እንግባ ብላቸው እምቢ አሉ። «መጀመሪያ እሱ ዘንድ» አሉ። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ደርሰን መቃብሩን አሳየኋቸው፤ አፈሩ ገና አልጠነከረም። እናቴና ጎረቤቶቹ ሰምተው ደርሰዋል። የሚጠበቀው ጩኸት ነበር፤ ዘግይቶ የመጣ ወንድም መቃብር ላይ ወድቆ ያለቅሳል። አያ ደምሌ ግን ወደ አጥሩ ሄዱ። ከፈረሰው ካብ አንድ ድንጋይ መረጡ፤ ትንሹን ትተው ትልቁን። አነሱት፤ ማጅራታቸው ላይ አደረጉት፤ በሁለት እጃቸው ደግፈው መጥተው መቃብሩ ፊት አጎንብሰው ቆሙ።

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ «ይቅር ብያለሁ፤ ጣለው» የሚለው የተበደለው ነው። ሌላ ሰው አይልም።

«አያ ደምሌ፣ ይበቃል፤ ይጣሉት» አለ አንድ ጎረቤት።

«አንተን አልበደልኩም።»

እናቴ «በእመቤቴ ይዤዎታለሁ» አለች። አልጣሉትም። ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የበያጅ ክንድ ነው፤ ግን የሰባ ዓመት ነው። ላብ በአፍንጫቸው ጫፍ እያለፈ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ማን ይሂድ በተባለ ቀን እንደዞሩት አልነበረም፤ ያን ቀን ቀልደኛውን ፈልገው ነበር። የበኩር ልጅ ነኝ፤ የአባቴ ቃል ለእኔ ወርዷል። ወደ መቃብሩ ራስጌ፣ ወደ አባባ ቦታ ሄጄ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። አፌ ቀልድ ፈለገ፤ ከልማዱ ነው፤ ምንም አላገኘም።

«አያ ደምሌ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

አልተንቀሳቀሱም። ከድንጋዩ ሥር ሆነው፣ «እሱ እንዲህ አይለኝም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አባባ አንድም ቀን «አያ» ብሏቸው አያውቅም፤ ታናሹ ናቸው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ደምሌ» አልኩ። «ይቅር ብዬሃለሁ። ጣለው በቃ።»

ድንጋዩ ወረደና እግሬ ሥር አረፈ። እሳቸው ግን፣ ቀና እንዲሉ ብጠብቅም፣ አጎንብሰው ቀሩ።